ምልክቱ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? በሥራዬ ምክንያት የጤና ጥናቶችን ማንበብ ግድ ሆኖብኛል። ስታቲስቲክስ ግን ትምህርት ቤት ከጨረስኩ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ‹በነፃ መማሪያ› እያልኩ የሰበሰብኳቸው ሊንኮች 140 ደርሰዋል። ከፍቼ ላንብብ ስል አንዱ ክፈይ ይለኛል፣ ሌላው ተመዝገቢ ይለኛል፣ ሌላው መጽሐፉን ያሳየኝና ማውረድ አይቻልም ይላል። የምጠቀመው በስልክ ነው፤ ዳታ ቶሎ ያልቅብኛል። አባቴም ጡረታ ከወጡ ወዲህ የድሮ የጉዞ መጻሕፍትና ካርታ ማየት ይወዳሉ። ለእሳቸውም የሚሆን ካለ ይጠቁሙኝ። የትኞቹ ናቸው የምር ነፃ? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ደህና ነኝ፤ ምስጋና ይግባው። 140 ሊንክ ሰብስቦ የሚነበብ በማጣት አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስጀምር የነበረኝ ፎልደር ከአንቺ ይብስ ነበር። ስሙን «በኋላ የሚነበብ» ብዬዋለሁ። ያ «በኋላ» እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ዝርዝሩን አሁኑኑ እንዳትሰርዢው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ለምን እንዳስቸገረሽ እንይ።

የሰበሰብሻቸውን ሁሉ እንደ አንድ ዓይነት ነገር ቆጥረሻቸዋል። ከመካከላቸው ግን ገሚሱ ቤት ነው፣ ገሚሱ የመንገድ ምልክት። ቤት የምለው መጽሐፉ ወይም ጥናቱ ራሱ የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ምልክት የምለው ደግሞ «የምትፈልጊው እዚያ ማዶ አለ» ብሎ የሚጠቁመውን። ምልክቱን ማንም አላፊ አግዳሚ ያነበዋል። ቤቱ ግን ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። «ነፃ ነው ተብዬ ገብቼ ክፈይ አሉኝ» የሚለው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለሥራሽ የሚቀርበውን ምሳሌ ልውሰድ። ፐብሜድ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነው። ከ37 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን መዝግቧል። ፈልገሽ ስታገኚ ርዕሱን፣ የጸሐፊዎቹን ስም፣ ብዙ ጊዜም አብስትራክቱን፣ ማለትም የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ፣ ያሳይሻል። ሙሉው ጽሑፍ ግን እዚያ የለም። ፐብሜድ ምልክት ነው። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ አለ፤ ፐብሜድ ሴንትራል። በ2000 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እሱ ቤት ነው። እዚያ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ ይነበባል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። ሰዎች ሁለቱን አንድ እያደረጓቸው ስንት ሰዓት እንደሚያባክኑ ብነግርሽ አታምኚኝም። ፐብሜድ ላይ ስትፈልጊ «ሙሉ ጽሑፉ በነፃ» የምትለዋን ማጣሪያ ተጫኚ። ያኔ ካታሎጉ ክፍት በር ያላቸውን ቤቶች ብቻ ይጠቁምሻል። በዚች አንዲት ጠቅታ ብቻ ብስጭትሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ዩሮፒያና የአውሮፓ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ምልክት ነው። በኅዳር 2008 ሲከፈት ሕዝቡ ስለተረባረበበት በሰዓታት ውስጥ ወደቀ፤ ከዚያ ተጠናክሮ ተመለሰ። ሥዕሉ ወይም መጽሐፉ ያለው ግን በየሙዚየሙ ዘንድ ነው። ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች መዝገብም ምልክት ነው። ጎግል ስኮላር ደግሞ ከሁሉም የሰፋው ምልክት ነው፤ የሚከፈለውንም የማይከፈለውንም ቀላቅሎ ያመጣዋል። በተቃራኒው ፕሮጀክት ጉተንበርግ፣ ኦፕንስታክስ፣ አርካይቭ፣ ካን አካዳሚ ቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱን ተራው ሲደርስ አስተዋውቅሻለሁ። ሃቲትረስት መሀል ላይ ነው። በ2008 በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋመ ሲሆን ከ17 ሚሊዮን በላይ ጥራዝ ስካን አለው። የቅጂ መብቱ (ኮፒራይቱ) ያለቀውን መጽሐፍ ሙሉውን ያስነብብሻል። መብቱ ያላለቀውን ግን ውስጡን ፈልገሽ ቃሉ በስንተኛው ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለ ብቻ ይነግርሻል። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። መጽሐፉን በአካል ስታገኚ የትኛውን ገጽ እንደምትገልጪ አውቀሽ ትሄጃለሽ።

አሁን ወደ «ነፃ» እንምጣ። ቃሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ብዙ።

አንደኛው የራስሽ የምታደርጊው ነፃ ነው። የኮፒራይት ዘመኑ ያለቀ ሥራ እዚህ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ሕግ የድሮ ኅትመቶች መብት የሚቆየው ከታተሙ ጀምሮ 95 ዓመት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 የአንድ ዓመት ኅትመት በሙሉ ይለቀቃል። በብዙ ሌሎች አገሮች የሚቆጠረው ከደራሲው ሞት ነው፤ አንዳንዱ 50 ዓመት ይላል፣ ሌላው 70። አንዱ መጽሐፍ እዚህ ነፃ፣ እዚያ የተከለከለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባለመብቱ በሕይወት እያለ ወዶ የከፈተውም አለ። የዚህ ዋናው መሣሪያ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ይባላል። ድርጅቱ በ2001 ተመሠረተ፣ የመጀመሪያ ፈቃዶቹን በ2002 መጨረሻ አወጣ። በገጹ ግርጌ ሁለት «ሲ» በክብ ውስጥ ካየሽ እሱ ነው። ከአጠገቡ ያሉትን ምልክቶች ማንበብ ልመጂ። የሰው ምስል ካለ ስሜን ጥቀሱ ማለት ነው። የተሰረዘ የገንዘብ ምልክት ካለ አትነግዱበት። የእኩል ምልክት ካለ አታሻሽሉት። ቀስት የተጠመዘዘበት ክብ ካለ ደግሞ ያሻሻላችሁትን በዚሁ ፈቃድ መልቀቅ አለባችሁ ማለት ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ አራቱም አይነኩሽም። ማስተማሪያ ላዘጋጅ ወይም ልተርጉም ያልሽ ቀን ግን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ትልቅ ልዩነት አላቸው።

ሁለተኛው እያየሽ የምትመለሽበት ነው፤ ታነቢያለሽ፣ አታወርጂም።

ሦስተኛው ውሰት ነው። አርካይቭ፣ ማለትም በ1996 በብሩስተር ኬል የተመሠረተው የኢንተርኔት አርካይቭ፣ አዳዲስ መጻሕፍትን እንደ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ሰዓት ወይም ለ14 ቀን ያውሳል። አንድ ቅጂ ካለው ለአንድ ሰው ነው። በመጋቢት 2020፣ ዓለም በወረርሽኙ በሩን ሲዘጋ፣ ይህን ገደብ ለጊዜው አንስቶ ነበር። አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት። በ2023 ተፈረደበት፤ በመስከረም 2024 በይግባኝም ፍርዱ ጸና። በዚህ ክርክር ሰበብ ከ500,000 በላይ መጻሕፍት ከውሰት ዝርዝሩ ወጥተዋል። ያየሽው ሊንክ ትናንት «ተዋሺ» ብሎ ዛሬ እምቢ ካለሽ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ፣ መብታቸው ያለቀው፣ ግን እንዳሉ ናቸው።

አራተኛው «ግባ በለው፣ በኋላ እናየዋለን» የምለው ዓይነት ነው። ትልልቆቹ የኮርስ መድረኮች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። ቪዲዮውን ወይም ከፊሉን በነፃ ታያለሽ፤ ፈተናው፣ የሚታረመው የቤት ሥራና ሰርተፍኬቱ ግን በክፍያ ነው። ነውር የለበትም። ግን ከመመዝገብሽ በፊት ምን እንደሚቀርብሽ እወቂ። ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ «ነፃ ሙከራ» ካጋጠመሽ ዝለይው።

ወደ ስታቲስቲክሱ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

አንድ መጽሐፍ ምረጪ። አንድ። ሌላው ሁሉ የእሱ አጋዥ ይሁን። እኔ ለአንቺ የምመርጠው ኦፕንስታክስ ያወጣውን የስታቲስቲክስ መግቢያ ነው። ኦፕንስታክስ በሂዩስተን የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በ2012 የጀመረው የነፃ መማሪያ መጻሕፍት አታሚ ነው። መጽሐፎቹን መምህራን ጽፈዋቸው፣ ሌሎች መምህራን መርምረዋቸው ነው የሚወጡት። ሳትመዘገቢ ድረ ገጹ ላይ ታነቢያለሽ፣ ፒዲኤፉንም ታወርጃለሽ። ብዙ «ነፃ ኖት» የሚባሉ ነገሮች አንድ መምህር ለአንድ ክፍል የጻፋቸው ናቸው። የጎደላቸውን በቃል ይሞሉት ስለነበር ብቻውን ለሚያነብ አይበቁም። መጽሐፍ የሚሻለው ለዚህ ነው።

መጽሐፉ 13 ምዕራፍ አለው። ሁሉንም በተርታ አታንብቢ። የአንቺ ጉዳይ ጥናት ማንበብ እንጂ የስታቲስቲክስ ባለሙያ መሆን አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ናሙናና ስለ መረጃ አገላለጽ ናቸው፤ አትዝለያቸው። ሦስተኛው ስለ ዕድል ነው፤ የገባሽን ያህል ይዘሽ እለፊ። አራተኛውንና አምስተኛውን ለጊዜው ተያቸው። ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ግን ዋናው ነገር ነው። ኖርማል ስርጭት፣ የናሙና አማካይ ባሕርይ፣ የመተማመኛ ክልል፣ የመላምት ፍተሻ፣ ሁለት ቡድኖችን ማነጻጸር። በተለይ ስምንተኛው ላይ ሁለት ሳምንት ብትቀመጪ አይቆጨኝም።

ለምን ስምንተኛው? አንድ ጥናት «አዲሱ መድኃኒት የደም ግፊትን በአማካይ በ5 ነጥብ ቀነሰ» ይላል እንበል። ብዙ ሰው እዚያው አቁሞ መድኃኒቱ ይሠራል ይላል። ከጎኑ ግን የመተማመኛ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እስከዚያ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት፣ ተጽፏል። «ከ1 እስከ 9» ካለ እውነተኛው ቅናሽ ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ ግን ክልሉ ውስጥ የለም። «ከ1 ጭማሪ እስከ 11 ቅናሽ» ካለስ? አማካዩ ያው 5 ነው። ዜሮ ግን ውስጥ ገባ። እንዲያውም መድኃኒቱ ግፊቱን ከፍ ሊያደርገው የሚችልበትም ጭላንጭል አለ። አንድ ዓይነት ርዕስ፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ። ስምንተኛው ምዕራፍ ይህን ክልል ማን አሰፋው፣ ማን አጠበበው የሚለውን በእጅሽ ያሠራሻል። ናሙናውን በአራት እጥፍ ስትጨምሪ ክልሉ በግማሽ ብቻ እንደሚጠብ ራስሽ አስልተሽ ስታዪው፣ ከዚያ በኋላ በ20 ሰው የተሠራ ጥናት በትልቅ ርዕስ ሲወጣ ዓይንሽ ወዲያው ይሰላል።

መልመጃዎቹን ሥሪ። ለአንዳንዶቹ መልሱ በየምዕራፉ መጨረሻ አለ። በወረቀትና በእርሳስ። በስልክ እያነበቡ በስልክ መሥራት አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ።

አንድ ነገር አልገባሽ ሲል ካን አካዳሚ ግቢ። ተቋሙ ከ2008 ጀምሮ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ሳልማን ካን ለአጎቱ ልጅ በርቀት ሒሳብ ሲያስጠና የተጀመረ ነገር ነው። አጫጭር ቪዲዮዎቹ የተወሳሰበ ነጥብን ለመፍታት ግሩም ናቸው። ግን ከእሱ አትጀምሪ። ቪዲዮ ሲያዩት ሁሉም የገባ ይመስላል። እርሳስ ስታነሺ ነው ጉዱ የሚወጣው። የኤምአይቲን ክፍት ኮርሶችም ሰው ይጠቁምሻል። ኤምአይቲ በ2001 «የምናስተምረውን ሁሉ እንለቃለን» ብሎ ሲያውጅ የዘርፉን መልክ ነው የቀየረው። ዛሬ ከ2,500 በላይ ኮርስ አለው፤ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ሰርተፍኬትም አይሰጥም። ለአንቺ ግን ለጊዜው ይከብዳል። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ እዚያ ጀምረው ተስፋ ቆርጠው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ የተቆለፈው ጥናት። ርዕሱን አግኝተሽ፣ ልብሽ ሮጦ፣ «ክፈይ» ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ? አትክፈይ፤ ቢያንስ ወዲያው አትክፈይ። የዚያው ጥናት ሌላ ቅጂ ሌላ ቦታ በሕጋዊ መንገድ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ አሳታሚዎች ጸሐፊው የመጨረሻ ረቂቁን በዩኒቨርሲቲው ማኅደር እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳሉ። በአሜሪካ የጤና ተቋማት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ከ2008 ጀምሮ ቢዘገይ በ12 ወር ውስጥ ፐብሜድ ሴንትራል ላይ እንዲወጣ ግዴታ ነበር። ከጁላይ 1፣ 2025 ወዲህ ተቀባይነት ያገኘው ደግሞ በታተመበት ቀን መከፈት አለበት። ስለዚህ ቅጂው አለ። ማግኘት ነው።

በስልክ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጊ። ከውጤቱ ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የምትል ትንሽ መስመር አለች። ሰው አያያትም። ተጫኛት። አንዳንዴ ስድስት ሰባት ቦታ ይዘረዝርልሻል፤ ከመሀል አንዱ ፒዲኤፍ ይሆናል። ኮምፒውተር ካገኘሽ ደግሞ አንፔይዎል የምትባል የብሮውዘር ተቀጥላ ጫኚ። የተቆለፈ ገጽ ስትከፍቺ ነፃ ቅጂ ካለ ከጎን አረንጓዴ ቁልፍ ታበራልሻለች። የምትሠራው በዲኦአይ ነው። ዲኦአይ ማለት የጥናቱ መታወቂያ ቁጥር ነው፤ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል። ርዕስ ይመሳሰላል፣ ሊንክ ይሞታል፤ ይህ ቁጥር ግን አይቀየርም። ማስታወሻሽ ላይ ሊንክ ከምትጽፊ እሱን ጻፊ።

ይህም ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኪ። ሦስት መስመር ይበቃል፤ ማን እንደሆንሽ፣ የትኛውን ጥናት እንደምትፈልጊ፣ ምስጋና። ጸሐፊዎች ከዚያ ክፍያ ቤሳ አያገኙም። የሚያነብላቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ነው የሚላቸው። እኔ ከላክኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ መልስ አግኝተዋል። አንዱ እንዲያውም ያልጠየቅሁትን ሦስት ጽሑፍ ጨምሮ ላከልኝ።

የተሰረቁ መጻሕፍትና ጥናቶች የሚከማቹባቸውን ድረ ገጾች ሰው ይጠቁምሽ ይሆናል። እኔ አልመክርም። የሕጉን ነገር ብንተወው እንኳ፣ በስማቸው የተከፈቱ አስመሳይ ገጾች ስልክሽን ይበክሉታል።

የተከፈተ ሁሉ ግን አይታመንም። ከጸሐፊው ገንዘብ ተቀብሎ ሳይመረምር የሚያትም ጆርናል ሞልቷል። በሦስት ቀን እናትማለን የሚል ጆርናል ውስጥ የወጣ ጥናት ካጋጠመሽ ተጠንቀቂ። የጆርናሉን ስም ዶአጅ ላይ ፈልጊው። ከ2003 ጀምሮ ያለ መዝገብ ነው፣ ከ20,000 በላይ ጆርናል አጣርቶ ይዟል። እዚያ ከሌለ የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የሚከፈልባቸው ምርጥ ጆርናሎች እዚያ አይመዘገቡማ። ክፍት ነኝ እያለ እዚያ የሌለ ግን ያጠራጥራል። መድአርካይቭ የሚባለውም አለ፤ በ2019 የተከፈተ ነው። እዚያ ያሉት ገና በባለሙያ ያልተመረመሩ የጤና ጥናቶች ናቸው፤ ራሱ ገጹ ይህን በግልጽ ይጽፋል። አንብቢው፣ ግን ሥራሽ ላይ እንደ ማስረጃ አታቅርቢው።

ወደ አባትሽ ልሂድ፤ እውነቱን ለመናገር የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው።

ከጉተንበርግ አስጀምሪያቸው። ከሁሉም ዕድሜ ጠገቡ ነው። ማይክል ሃርት የተባለ ተማሪ በጁላይ 4፣ 1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ በእጁ ተይቦ አስገባ። ኢንተርኔት ብለን የምንጠራው ነገር ገና አልነበረም። ዛሬ ከ70,000 በላይ መጽሐፍ አለው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የጻፉት በብዛት ይገኛል። ምዝገባ የለም። መጽሐፎቹን በጎ ፈቃደኞች ፊደል በፊደል አርመዋቸዋል፤ ስለዚህ በስልክ ጽሑፉን አጉልቶ ማንበብ ይቻላል። የአባትሽ ዓይን ይደክማል ካልሽ ሊብሪቮክስ አለ። ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የድሮ መጻሕፍትን በድምፅ እያነበቡ ያስቀምጣሉ። አንባቢው ሲያምር ያምራል፤ አንዳንዱ ግን እንቅልፍ ያመጣል። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሰምተው ይምረጡ።

አርካይቭና ሃቲትረስት ላይ ደግሞ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ ነው የሚያዩት። ሥዕሉ፣ የድሮ ባለቤት በቀለም የጻፈው ማስታወሻ፣ የሻጋታው ጠብታ ሳይቀር። አንዳንዴ ስካን ያደረገው ሰው ጣት ገጹ ላይ ቀርቶ ታያለሽ። እኔ አንድ ጊዜ ስፈልገው የከረምኩትን ሠንጠረዥ ያገኘሁት አውራ ጣት ተጋድሞበት ነው። እንዲህ ሲያጋጥም አትናደጂ። ያው መጽሐፍ በሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንደገና ተስክኖ ሊገኝ ይችላልና ወደ ፍለጋው ተመለሺ። የታጠፈ ካርታም እንዲሁ ነው። ሳይዘረጋ የተስካነ ብዙ አለ፤ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ።

የፍለጋ ነገር አንድ ልጨምር። የስካኑን ፊደል የሚያነበው ኮምፒውተር ነው፣ ይሳሳታልም። ከ1800 በፊት በታተሙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ «ኤስ» ብዙ ጊዜ ረጅም ሆኖ ስለሚጻፍ «ኤፍ» ይመስላል። ኮምፒውተሩ «ሰን» የሚለውን «ፈን» ብሎ ያነበዋል። ፀሐይ ወጣች ሊል የፈለገው መርከበኛ ጨዋታ ወጣች ይልሻል። ስለዚህ አባትሽ አንድ ቃል ፈልገው ካጡ መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ፊደሉን ቀይረው ይሞክሩ። የሰውና የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ ከሩሲያኛ ወይም ከዓረብኛ የመጣ ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ይገኛል። በአንዱ ካጣሽው በሌላው ሞክሪ።

ለካርታ የዴቪድ ራምዚ ስብስብን የሚያህል አላውቅም። ከ100,000 በላይ የድሮ ካርታ በኢንተርኔት ከፍቷል። አንዱን ከፍተሽ ስታጎይው የመንደር ስም፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ የቀራጹ መስመር ሳይቀር ይታያል። አንዳንዱን ከዛሬው ካርታ ጋር ደርቦ ማየትም ይቻላል። አባትሽ እዚህ ከገቡ ለእራት መጥራት ይከብድሻል። ስለ እንስሳና ዕፅዋት የጻፉ የጥንት ተጓዦችን ከወደዱ ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ቅርስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አለ። በ2006 የተጀመረ ነው፤ ሥዕሎቹ ብቻ አንድ ቀን ይበላሉ።

ዳታሽን ማን እንደሚበላው ማወቅ አለብሽ። አንድ ሙሉ ልቦለድ በጽሑፍ ብቻ ከሆነ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። ያው መጽሐፍ በስካን ፒዲኤፍ ሲሆን በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት ይሆናል፣ አንዳንዴም ከመቶ ያልፋል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ጉተንበርግ ላይ «ያለ ሥዕል» የሚለውን ኢፐብ ምረጪ። ኢፐብ በስልክ ስክሪን ልክ ራሱን ይዘረጋል፤ ፒዲኤፍ ግን ግራና ቀኝ ስትጎትቺው ትውያለሽ። አርካይቭ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ ያለው ኢፐብ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ከስካኑ ሠርቶ ያወጣው ስለሆነ በስሕተት የተሞላ ነው። እዚያ ፒዲኤፉ ይሻላል። ከባድ ከባዱን ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂ።

ኪዊክስ የምትባል አፕ ጫኚ። ከ2007 ጀምሮ ያለች ናት። ዊኪፒዲያን፣ ጉተንበርግን፣ ሌሎችንም ጠቅልላ በአንድ ፋይል ታወርድልሻለች። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ትፈልጊያለሽ፣ ታነቢያለሽ። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ስልክሽ አይችለውም። ያለ ሥዕል ያለው በጣም ያነሰ ነው። ለአንቺ ደግሞ የሕክምና ርዕሶችን ብቻ ለይተው ያዘጋጁት አለ። ዊኪሜድ ይባላል። ጥናት ስታነቢ የማታውቂው ቃል ሲገጥምሽ ዳታ ሳትከፍቺ ታዪዋለሽ።

የወደድሽውን ሁሉ ቅጂ ያዢ። ኢንተርኔት ላይ አለ ማለት ነገም አለ ማለት አይደለም። በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ የኮምፒውተር ሥርዓት በሰርጎ ገቦች ተመቶ፣ ዲጂታል የብራና ስብስቦቹ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆዩ። በጥቅምት 2024 ደግሞ አርካይቭ ራሱ ተጠቃ። ለቀናት ተዘጋ፣ የ31 ሚሊዮን አካውንቶች መረጃም ተሰረቀ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ፓስወርድ አድርጊ። የኢሜይልሽን ፓስወርድ እዚያ ደግመሽ እንዳትጠቀሚ። የፋይሉን ስም ደግሞ ስታወርጂ ወዲያው ቀይሪው፤ የጸሐፊው ስም፣ ዓመት፣ አጭር ርዕስ። ስሙ የቁጥር መዓት የሆነ ፒዲኤፍ ከወር በኋላ ማን እንደሆነ አታውቂውም።

በመጨረሻ ያ 140። አንድ ምሽት ስጪው፣ ከዚያ በላይ አይገባውም። እያንዳንዱን ክፈቺና ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቆዪ። መጽሐፉ ራሱ እዚያው አለ? ካለ «ቤት» ወደሚል ፎልደር። ወደ ሌላ የሚመራ ከሆነ «ምልክት» ወደሚለው። ካርድ የሚጠይቀውን ያኔ ሰርዢው። አልከፈት ያለሽ ካለ አድራሻውን ገልብጠሽ ዌይባክ ማሽን ላይ ለጥፊ። አርካይቭ ከ1996 ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥበት ነው፤ የሞተው ገጽ የድሮ መልኩ እዚያ ሊገኝ ይችላል። እኔ የራሴን «በኋላ የሚነበብ» እንዲህ ስለየው ቤት ሆኖ የተገኘው 11 ብቻ ነበር። ከአንቺ ስንት እንደሚወጣ ጻፊልኝ። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ከተሰናከልሽም የጥያቄውን ቁጥር ላኪልኝ።